በእህቴ ሆድ ላይ የለጠፍኩት ቀስት

ዋናውን መጀመሪያ ልንገራችሁና ልገላገል፣ እስከ መጨረሻው አፍኜ መያዝ አልችልም። እህቴ በተወለደች በአስራ ስምንተኛ ቀኗ ሆዷ ላይ «በዚህ በኩል ወደ ላይ» የሚል ስቲከር ለጠፍኩባት።

የእውነቴን ነው። ቀይ ስቲከር፣ መዳፌን የሚያህል፣ ወደ ላይ የሚያሳዩ ሁለት ቀስቶች ያሉበት፣ ከሥራቸው ደግሞ የብርጭቆ ሥዕል። የመስታወት ሳጥን ላይ የሚለጠፈው። ቱታዋ ላይ፣ እምብርቷ አካባቢ፣ ቀጥ አድርጌ ለጠፍኩና አየር እንዳይገባበት በመዳፌ ዳበስኩት። እሷ ምንም አላለችም። እንዲያውም አዛጋችብኝ።

እና በዚያ ስቲከር ምክንያት አያቴ… ቆይ፣ ቆይ። እሱን አሁን ከነገርኳችሁ አለቀ። በሥርዓት ልጀምር።

ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው። አሁን አስራ ሰባት ሞልቶኛል፣ ስለዚህ ያኔ ያየሁትንና ኋላ የገባኝን እያደባለቅኩ ነው የማወራው። ታገሡኝ፤ ጓደኞቼም እንደዚሁ ነው የሚታገሡኝ።

አባዬ መስታወት ቆራጭ ነው። የሚሠራበት ቤት ብትገቡ ራሳችሁን ሃያ ቦታ ታያላችሁ፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ተደግፎበታል። እኔ መሬቱ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ማለፍ ክልክል ስለሆነ፣ ከመስመሩ ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አባዬ መቁረጫውን እንደ እርሳስ ይዞ አንዴ ብቻ ያሰምራል፣ ጭርርር። ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ፣ ቀጭ። ሁለት ሆነ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ላይ ያንን ቀይ ስቲከር አየሁና ምንድነው አልኩት።

«ይሄ ቀስት ሁልጊዜ ወደ ላይ ማየት አለበት» አለኝ። «የሚሸከሙት ሰዎች ሳጥኑን እንዳይገለብጡት።»

«ቢገለብጡትስ?»

«ይሰበራላ።»

«ሲሰበር እናውቃለን?»

«አናውቅም። ክፋቱ እሱ ነው። ሳጥኑ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ስትከፍቺው ነው ውስጡ እንክትክት ብሎ የምታገኚው።»

ይቺን ንግግር ያዙልኝ።

ከዚያ ግማሽ የቀረውን የስቲከር ሮል ሰጠኝ። ሰጥቶኝም ተጸጸተ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ፣ የቤታችን በር ላይ ለጠፍኩ፣ የቦርሳዬ ሁለቱም ጎን ላይ ለጠፍኩ። አንድ ጠዋት አባዬ ጫማውን ሲያስር ጀርባው ላይ ለጠፍኩበትና ቀኑን ሙሉ «በዚህ በኩል ወደ ላይ» ሆኖ ሲሠራ ዋለ። አንድ ሰው እንኳን አልነገረውም። ጓደኞቹ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ከዚህ ገምቱ።

ልክ በዚያ ሰሞን እህቴ ተወለደች። አያቴም፣ የአባዬ እናት፣ ልታግዝ ቤታችን ገባች።

አያቴን ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነው የሚላት። እኔም ሲስተር ነው የምላት፣ አያት መሆኗን ራሱ የማስታውሰው አንዳንዴ ነው። ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሰላሳ ዓመት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። በሰፈራችን ከምታገኙት ሰው ግማሹን መጀመሪያ ያቀፈችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ትልልቅ ሰዎች፣ ሪዛም አባወራዎች፣ መንገድ ላይ ሲያገኟት ድምፃቸው ይቀጥናል። እሷ ደግሞ «አንተ እኮ እግርህ ነው ቀድሞ የመጣው» ትላለች፣ ሰው ፊት።

እህቴ አንድ ሳምንት ሲሆናት እማዬ እኔንም ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ አንዲት ነርስ ነበረች፣ ወጣት፣ ሳቂታ፣ ስትስቅ ጆሮ ጌጦቿ የሚጨፍሩ። እህቴን መዘነቻት፣ ለካቻት፣ ከዚያ እንደ ልብስ አጣጥፋ ለእማዬ እያስታቀፈቻት ማስረዳት ጀመረች።

«ስትተኛ ሁልጊዜ በጀርባዋ፣ እሺ? ፊቷ ወደ ላይ። ለረጅሙም ለአጭሩም እንቅልፍ። የማይሰምጥ ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ የራሷ አልጋ። አልጋው ላይ ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ፊቷ ላይ የሚወጣ ብርድ ልብስ የለም። ነቅታ፣ እያየሻት ከሆነ፣ በሆዷ አጫውቻት፣ አንገቷ ይጠነክራል። ለእንቅልፍ ግን በጀርባ።»

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ኩራት። ይሄ እኮ የኛ ቤት ሙያ ነው። ፊቷ ወደ ላይ፤ በዚህ በኩል ወደ ላይ። በቃ፣ ሕፃንና መስታወት አንድ መሆናቸው ገባኝ።

«ብትገለበጥስ?» አልኳት፣ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ።

ነርሷ መጀመሪያ እማዬን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። «ጥሩ አይደለም» አለች በቀስታ። «አደጋ አለው።»

«ከውጭ አያስታውቅም አይደል?»

ይቺኛዋ ላይ ሳቋ ጠፋ። «አያስታውቅም» አለች።

እኔ በልቤ፣ አወቅኳት፣ ይቺም መስታወት ቤት ሠርታለች አልኩ።

ከዚያ ነው እማዬ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው። «አንቺ፣ እኔ እኮ ችግሬ ሌላ ነው። አማቴ በሆዷ ነው የምታስተኛት።»

«ለምን አትነግሪያትም ታዲያ?»

«አማቴ ሲስተር ናት።»

«የትኛዋ ሲስተር?»

«የማዋለጃዋ።»

ነርሷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ወይ ጉድ። እኔን መርፌ መያዝ ያስተማረችኝ እኮ እሷ ናት። አሁንም መንገድ ላይ ሳያት ጥፍሬን እደብቃለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት። የሙያ ሰው ለሙያ ሰው።»

«እኔ? ሞቼ እገኛለሁ።»

ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። በመጨረሻ ነርሷ አንድ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ፣ «ይሄንን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጊላት፤ ራሷ ታንብበው» አለች። እኔ ደግሞ ሲስተርን የሚፈሩት መርፌ ስለምትወጋ መሰለኝ። እማዬ በጋብቻ የገባችበትን ቤተሰብ ትልቅ ሰው፣ ያውም ሕይወቷን ሙሉ ይሄንኑ ስታስተምር የኖረችን ሴት፣ «የሚያውቁት ስህተት ነው» ለማለት ቃል አጥታ እንደነበር የገባኝ በቅርቡ ነው።

ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሲስተር አየችው፣ ርዕሱን አነበበች፣ የአበባ ማስቀመጫውን አነሳችና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጦርነት ተጀመረ፣ ግን አንድም ክፉ ቃል የሌለበት ጦርነት። ለኔ ደግሞ ጨዋታ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ፣ የጠረጴዛ ልብሱን በአፍንጫዬ ገለጥ አድርጌ እከታተላለሁ። እማዬ እህቴን በጀርባዋ አስተኝታ ልትታጠብ ትገባለች። ሲስተር እጇን እያደረቀች ትመጣለች፣ ግራ ቀኝ ታያለች፣ እህቴን በሁለት እጇ ላፍ ታደርግና በሆዷ። መቀመጫዋን መታ፣ መታ፣ መታ። «እንዲህ ነው ልጅ የምታርፈው» ትላለች ለራሷ። «ብታስመልስ አያንቃት፣ ነፋሱ ይወጣላት።» ሲስተር ወጣ ትላለች፣ እማዬ ፎጣ ጠምጥማ በጥፍሯ ትመጣለች፣ ገልበጥ። አንድ ቀን ጠዋት አስራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።

ፊት ለፊት ሲገናኙ ደግሞ ማር ናቸው።

«ሲስተር፣ ደክሞዎታል፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ እንጂ።»

«አንቺ ጋደም በይ እንጂ የኔ ልጅ፣ አራስ አይደለሽ እንዴ።»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ። እርስዎ ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል።»

«እኔ መቆም ለምጃለሁ። ሂጂ ተኚ።»

እንዴት ይዋደዳሉ እያልኩ እደነቅ ነበር። ለካ እያንዳንዷ ሌላዋን አስተኝታ ልትገለብጥ ነው።

ጨዋታ መሆኑ ያበቃው ግን አንድ ከሰዓት ላይ ነው። እህቴ በሆዷ ተኝታ ፊቷ ፍራሹ ውስጥ ቀበር ብሎ አየሁትና፣ በድንገት የአባዬ ሳጥን ትዝ አለኝ። ይቺ ልጅ አስራ አንድ ጊዜ ነው በአንድ ጠዋት የተገለበጠችው። የትኛው መስታወት ነው ይሄን የሚችል? እማዬ መጥታ ስትገለብጣትና ስትወጣ ጠብቄ፣ ተንጠራርቼ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግኩ። የተሰበረ ነገር ይንኳኳ እንደሆነ ላዳምጥ። ዱክ ዱክ ዱክ ይላል። ይሄ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅኩም።

አባዬ ሲመጣ ገና በሩ ላይ ያዝኩት። «አባዬ፣ መስታወት ተኝቶ ነው ወይስ ቆሞ የሚጓዘው?»

«ቆሞ ነዋ። ተኝቶማ ይሰነጠቃል።»

«እንግዲያው ለምን አናቆማትም?»

«ማንን?»

«ልጅቷን። እማዬና ሲስተር ሊሰብሯት ነው።»

አባዬ ወደ ጓዳ ተመለከተ፣ ወደ ሳሎን ተመለከተ፣ ያወለቀውን ጫማ መልሶ አደረገ። «እኔ እዚህ ውስጥ የለሁበትም» ብሎ ወጣ። ጀግናዬ። ቶን የሚያህል መስታወት የሚያነሳ ሰውዬ በእናቱና በሚስቱ መሀል አንዲት ቃል ማንሳት አቃተው።

ስለዚህ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እናም በማግስቱ፣ እማዬ ወንበር ላይ አንገቷ ጥምም ብሎ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ሮሌን ይዤ ሄድኩ። የቀረውን ታውቃላችሁ። ለጠፍኩ፣ ዳበስኩ፣ አዛጋች።

ተመልሼ ጠረጴዛዬ ሥር ከመግባቴ ሲስተር መጣች። እጇን አደረቀች። ግራ ቀኝ አየች። ጎንበስ ብላ እህቴን ላፍ አደረገችና፣ አየር ላይ እንዳለች ቆመች። ስቲከሩ ፊት ለፊቷ ነው። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ አወረደች። አነበበች። እህቴ እግሯን አየር ላይ አወራጨች።

«ማነው ይሄን የለጠፈው?» አለች፣ ጠረጴዛው ሥር መሆኔን እያወቀች።

«ፋብሪካው» አልኩ።

«ፋብሪካው ነው?»

«አዎ። ከመጣች ጀምሮ አለባት።»

«ውጪ እስቲ።»

ወጣሁ። በቃ መርፌ ነው አልኩ። እና ሳልጠየቅ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ አስራ አንዱ። «ሲስተር፣ ሲገለብጧት እኮ ከውጭ አያስታውቅም። ውስጧ ነው የሚሰበረው። በኋላ ነው የምናውቀው። ያኔ ደግሞ አይጠገንም፣ አባዬ ራሱ አይችልም።»

ሲስተር እህቴን ዝቅ አድርጋ አስተኛቻት። በጀርባዋ። ከዚያ በእማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀች ነው ብዬ እኔም ሳቅኩ፣ በጣም ጮክ ብዬ፣ መርፌው ስለቀረልኝ። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

አምና ጠየቅኳት። ያን ቀን ምን ሆነሽ ነበር አልኳት። «ሳቅም ነበረበት» አለችኝ። «ፋብሪካው ስትይኝማ እንዴት አልስቅም። ግን መሀል ላይ መቁጠር ጀመርኩ። ክፍሉ ውስጥ አስራ ሁለት አልጋ ነበረ። ሰላሳ ዓመት። ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ ሁሉንም በሆዳቸው የማስተኛቸው በገዛ እጄ ነበር፤ እናቶቻቸውንም ቤታችሁ ስትገቡ እንዲህ አድርጉ እያልኩ።» ከዚያ፣ «መቁጠሩ አላልቅልሽ አለኝ» አለች።

ያኔ ግን እኔ ይሄን የት አውቄ። ያየሁት ተነስታ የአበባ ማስቀመጫውን ስታነሳና ወረቀቱን ስታወጣ ነው። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ፣ «ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሳቂታዋ ነርስ በመስኮት ታየናለች። ገና በሩን ሳንከፍት ሁለት እጇን ጋዎኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሲስተር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጥያቄ ጀመረች። አቤት ጥያቄ። ብታስመልስስ? ቢያንቃትስ? ማን አጠናው? ስንት ልጅ ላይ? ጭንቅላቷ ጠፍጣፋ ቢሆንስ? ነርሷ መጀመሪያ ትንተባተብ ነበር፣ ከዚያ እስክሪብቶ አነሳችና ወረቀቱ ጀርባ ላይ የተኛች ሕፃንና ሁለት ቱቦ ሣለች።

«በጀርባዋ ስትሆን፣ ሲስተር፣ የአየሩ ቱቦ ከላይ ነው፣ የምግቡ ከታች። ብታስመልስ ወደ ታችኛው ነው የሚመለሰው። በሆዷ ካደረግናት ግን የአየሩ ከታች ይሆናል። የፈራነው ነገር የሚቀርበው ያኔ ነው።»

ሲስተር ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠችና የሕፃኗን ሆድ ወደ ታች አድርጋ አየችው። መልሳ አቀናችው።

«ሁለቱንም ቱቦ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ» አለች። «ገልብጬ አስቤያቸው ግን አላውቅም።»

«ያኔ ሁሉም ሰው የሚያስተምረው እንደዚያ ነበር እኮ፣ ሲስተር። እርስዎ ብቻ አይደሉም።»

«አውቃለሁ። እኔ ያዋለድኳቸውን ግን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ጥፍርሽን አሳይኝ።»

ነርሷ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። ሲስተር አሥሩንም አየች። «ጎሽ» አለች፣ እና ወጣን።

መንገድ ላይ፣ «ያ ስቲከርሽ ስንት ቀርቶሻል?» አለችኝ።

«ብዙ።»

«ነገ ሥራ አለን።»

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። በማግስቱ ሲስተር ነጩን ጋዎኗን ተኩሳ ለበሰች፣ ከጡረታ በኋላ ለብሳው የማታውቀውን። እኔ ሮሉን እንደ አምባር ክንዴ ላይ አጠለቅኩ። ሕፃን ያለበት ወይም ሊመጣበት የደረሰ ቤት አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመርን። እኔ የመሰለኝ ሽልማት እያከፋፈልን ነው። ሲስተርን ያያት ሁሉ ብድግ ይላል፣ ግቡ ይላል፣ እኔ ደግሞ በየቤቱ የሕፃኑ አልጋ ላይ፣ የራስጌው እንጨት ላይ፣ ቀስቱን ቀጥ አድርጌ እለጥፋለሁ። ከረሜላ ይሰጡኛል። ሲስተር በየቤቱ አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትለው፣ «ለእንቅልፍ በሆዱ አስተኚው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር። በጀርባው ነው።» ይቺን ንግግር በቃሌ ይዤያት ነበር። በር ማስከፈቻ ነገር መሰለችኝ። አራተኛው ቤት ላይ እኔው ቀድሜያት ልለው ስል አፌን በእጇ ያዘችኝ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ስንገባ መንታ ልጆቿ ጎን ለጎን በሆዳቸው ተኝተዋል፣ እሷ ሲንጀሯ ላይ ናት። ሲስተር ተናገረች። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ሲስተር፣ እርስዎም ይሳሳታሉ እንዴ?»

«በሰላሳ ዓመት አንዴ። ቀኑ ዛሬ ሆኖ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እስክትታጠፍ ሳቀች፣ ልጆቹን አንዱን እሷ አንዱን ሲስተር ገለበጡ። ትራሶቹንም አነሱላቸው። ሁለት ስቲከር፣ ሁለት ከረሜላ።

ሰማያዊ በር ያለው ቤት ግን እንደዚያ አልሆነም። የከፈተችልን ትልቅ ሴትዮ ናት፣ ልጇ ከኋላዋ ጨቅላ ታቅፋ ቆማለች። ሲስተር ንግግሯን ገና ሳትጨርስ የሴትዮዋ ፊት ተቀየረ።

«እኔ እኮ አራቱን እርስዎ ባሉኝ ነው ያሳደግኩት» አለች። «ይቺንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ልጄ ፊት አላዋቂ ሊያደርጉኝ ነው የመጡት?»

እና በሩ ተዘጋ። የተዘጋብን ከረሜላ ስለሌላቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። «ሲስተር፣ ሌላ ቤት እንሂድ» ብዬ ጎተትኳት። አልተንቀሳቀሰችም። የጋዎኗን ቁልፍ ነካካች፣ የመጨረሻውን ከፈተችው፣ ቆለፈችው። ከዚያ መልሳ አንኳኳች።

ልጅ ሆኜ፣ አሁን የተዘጋብን በር ይሄው መሆኑን ረስታው ነው አልኩ። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ያቺ ሁለተኛዋ ማንኳኳት በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በላይ ናት። የሰፈር ሰው ሁሉ ብድግ የሚልላት ሴት፣ በተዘጋባት በር ፊት፣ እንደገና።

በሩ ትንሽ ገርበብ አለ።

«አላዋቂዋ አንቺ አይደለሽም» አለች ሲስተር በቀዳዳው። «እኔ ነኝ። የሰማሽው ከኔ ነው፣ ስለዚህ ማፈር ካለ ለኔ ተዪልኝ። ልጁን ግን በጀርባው አስተኙልኝ።»

 ከዚያ ከውስጥ ልጅቷ፣ «እማ፣ ክፈቺላቸው እንጂ፣ ልጁ ደግሞ ከብዶኛል» አለች። ሴትዮዋ ከፈተች። ስትከፍት እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች አልለየሁም፣ ሲስተርም እንደዚያው። እኔ አልጋው የት ነው ብዬ ገባሁ። ከረሜላ ነበራቸው፣ እንዲያውም ከሁሉም የበለጠ።

ቤት ስንመለስ እማዬ እህቴን በጀርባዋ አስተኝታ አጠገቧ እንደ ዘበኛ ቆማለች። ሲስተር ጋዎኗን አወለቀች፣ ወደ አልጋው ሄደች፣ ጎንበስ አለች። እማዬ ትንፋሿን ያዘች። ሲስተር እግርጌ የነበረችውን የጨርቅ ጥንቸሌን ብድግ አድርጋ፣ «ይቺን ደግሞ ማነው እዚህ ያስቀመጣት?» አለች። «ወረቀቱን አላነበባችሁም እንዴ?»

እማዬ ያን ቀን ከሰዓት ጀምራ ተኛች፣ ተኛች፣ ተኛች። የታመመች መስሎኝ አራት ጊዜ ሄጄ አየኋት። ለካ ማንም ከኋላዋ መጥቶ የሚገለብጥባት ስለሌለ ነው።

እህቴ አሁን አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰፈር ውስጥ ስሟን የሚያውቅ የለም፣ «ቀስቴ» ነው የሚሏት። ያን ቱታ ሲስተር ደብቃ አስቀምጣዋለች፣ ስቲከሩ በስንት እጥበት አልለቀቀም። ቀስቴ ደግሞ በዚህ ምክንያት ራሷን የዓለም የሕፃናት እንቅልፍ ኃላፊ አድርጋለች። ችግሬም የመጣው ከዚሁ ነው።

በዚህ ክረምት ኪሮሽ ተማርኩ። ሳልዋሻችሁ፣ ጎበዝ ነኝ። ሰሞኑን ሦስት ሴት ሕፃናት ተወለዱና ለሦስቱም ኮፍያ ሠራሁላቸው፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ነጭ ክር፣ ግንባሩ ላይ በቀይ ክር ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት። አንዱ ለልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ፣ አንዱ ለሰፈራችን ፋርማሲስት ልጅ፣ አንዱ ደግሞ ለሰማያዊው በር ቤት። «እንቅልፍ ሲወስዳት አድርጉላት፣ ይሞቃታል» ብዬ በአፌ ተናገርኩ። ትናንት ከሰማያዊው በር ቤት ፎቶ ላኩልኝ፤ ልጅቷ በጀርባዋ፣ ፍራሹ ባዶ፣ ቀስቷ ወደ ላይ። ልሞት ነበር በደስታ። ለሁሉም አሳየሁ።

ቀስቴ ስልኬን ተቀበለችኝና፣ «ተኝታ ነው እንዴ ኮፍያ ያደረገችው?» አለች።

«ቆንጆ አይደለች?»

«ቤት ውስጥ ሲተኙ ኮፍያ አይደረግላቸውም። ሙቀት የሚያስወጡት በጭንቅላታቸው ነው፣ ከመጠን በላይ ይሞቃቸዋል። ደግሞ ፊታቸው ላይ ሊወርድ ይችላል። አዲሱ ወረቀት ላይ አለ።»

«አንቺ ማን ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?» አልኳት። ቃል በቃል። «አንቺ ሆድሽ ላይ ስቲከር ተለጥፎብሽ ስታዛጊ እኔ ይሄን ነገር አውቀው ነበር።»

ሄዳ ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። እና ታምናላችሁ፣ እጄ የክር ቅርጫቴን አንስቶ ወረቀቱ ላይ ሊያስቀምጥ ሄደ። እጄ ራሱ። ከክፍሉ ጥግ ሲስተር እያየችኝ ነበር።

አነበብኩት። ቀስቴ ልክ ናት።

ወዲያው ለሦስቱም «ስትተኛ አውልቁላት፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ መልእክት ላክሁ። ሁለቱ አይተውታል። ሰማያዊው በር ቤት አላዩትም፣ ስልክም አያነሱም። «ይኸው ላክሁ እኮ» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ወረቀትም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር» አለች ሲስተር። «ጫማሽን አድርጊ።»

«አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«እኔ የራሴን በር አንኳኩቻለሁ።»

ይኸው አሁን ጫማዬን አድርጌ፣ ሰማያዊው በር ፊት ለፊት ቆሜ በስልኬ ነው የምጽፍላችሁ። ቀስቴ አጠገቤ ናት፣ ሮሉ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ስቲከር ይዛለች፤ ለምን እንደያዘቻት እንጃላት። «ጻፊ ጻፊ፣ ልጅቷ እስክታገባ ጻፊ» ትለኛለች። አንኳኩቻለሁ። ከውስጥ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ይሰማኛል፣ ትልቋ ሴትዮ ራሷ ናት፣ ኮፍያውን ስሰጣት ሁለት ጉንጬን የሳመችኝ።

በናታችሁ፣ ቶሎ በሉ። እናንተ ብትሆኑ፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ትሏት ነበር?